የተሰነጠቀ የካስት አይረን ድልድይ፦ ይበየድ፣ ይሰፋ፣ ይቀየር ወይስ ይደገፍ?

እኛ ኮምቦልቻ ብረት ሲሰበር መጀመሪያ የሚታሰበን በያጅ ነው። ለበር፣ ለመስኮት፣ ለጋሪ ይሄ ምንም ችግር የለውም። ቀልጦ በቅርጽ ለፈሰሰ ብረት፣ ለካስት አይረን ግን ብየዳ ዘሎ የሚገባበት ነገር አይደለም። ብረቱ የታሪክ ድልድይ አካል ከሆነ ደግሞ ብየዳ ከምርጫዎቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ መቀመጥ አለበት ባይ ነኝ።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ እዚሁ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቪል ወይም መካኒካል የሚማር ልጅ ነው፤ ስለ አዲስ ድልድይ ብዙ ይማራል፣ ስላረጀ ድልድይ ጥገና ግን እምብዛም አይነገረውም። ሌላው ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ወርክሾፕ ያለው ሰው ነው። ለእሱ ድልድይ ባይመጣለትም የተሰነጠቀ የወፍጮ አካል፣ ሞርሳ ወይም የልብስ ስፌት መኪና እግር መምጣቱ አይቀርም። ብረቱ ያው ነው። ምሳሌዎቼ ግን ከውጭ ናቸው፣ ምክንያቱም የካስት አይረን ድልድዮች ዘመን እኛ ጋ ዘመናዊ መንገድ ሳይገባ በፊት አልፏል። ዓመቶቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ብረቱን ሳትለዩ ምንም አትወስኑ

አሮጌ የብረት ድልድይ ሲባል ሦስት የተለያዩ ብረቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ካስት አይረን ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው፤ ካርቦኑ ከ2 እስከ 4 ፐርሰንት አካባቢ ይደርሳል። ሮት አይረን በእሳት እየተቀጠቀጠና እየተዳመጠ የተሠራ ነው፤ ካርቦን የለውም ማለት ይቻላል፣ ውስጡ እንደ እንጨት ክር ክር ይላል። ሦስተኛው ስቲል ነው፣ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነው። ካስት አይረን ሲጫኑት ጀግና ነው፣ ሲስቡት ደካማ ነው። መጨመቅን የሚችለው መሳብን ከሚችለው ሦስትና አራት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ውስጡ ያለው ካርቦን እንደ ቀጭን ቅጠል ተበትኖ ስለሚቀመጥ እያንዳንዷ ቅጠል የስንጥቅ መነሻ ትሆናለች። ስቲል ከመበጠሱ በፊት ይለመጣል፣ ይጎብጣል፣ ያስጠነቅቃል። ካስት አይረን አያስጠነቅቅም፤ ቋ ብሎ ይሰበራል።

ለመለየት ላቦራቶሪ ጥሩ ነው፣ ግን ዓይንና እጅም ብዙ ይናገራሉ። ላዩ የአሸዋ ሻካራነት ካለው፣ ማዕዘኖቹ ከውስጥ ክብ ክብ ካሉ፣ ሁለቱ የቅርጽ ሳጥኖች የተጋጠሙበት መስመር ከታየ ካስት ነው። ጭነት በማይሸከም ጥግ ላይ ትንሽ በድሪል ሲነካ ካስት እንደ ጥቁር ዱቄት ይረግፋል፣ ስቲል ደግሞ እየተጠቀለለ ይወጣል። ግራይንደር ሲነካውም የካስት ብልጭታ አጭርና ደብዛዛ ቀይ ነው፤ የስቲል ረጅምና ብሩህ ነው። ድልድዩ ዳር እስከ ዳር በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚያዝ የብረት ምስማር) የተያያዘ ከሆነ ዋናው አካል ሮት አይረን ወይም ስቲል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አገራችን ወንዞች ላይ የምናያቸው ተገጣጣሚ የቤይሊ ድልድዮች ስቲል ናቸው፤ ንድፉ የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከእንግሊዝ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለውን ለእነሱ አታውሉት።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በአንድ ድልድይ ላይ ሦስቱም ብረቶች አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ቅስቱ ካስት፣ ማሰሪያው ሮት፣ በኋላ የተጨመረው ድጋፍ ስቲል። እያንዳንዱን ለየብቻ መርምሩት።

ለምን ተሰነጠቀ?

ከሁሉም አማራጭ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይሄው ነው። ስንጥቁን መድፈን ቀላል ነው። የሰነጠቀው ነገር እዚያው ካለ ግን ድፍኑ ጎን ሌላ ስንጥቅ ይወጣል።

በዓለም የመጀመሪያው ትልቅ የካስት አይረን ድልድይ እንግሊዝ አገር በሰቨርን ወንዝ ላይ ያለው አይረን ብሪጅ ነው። በ1779 ቆመ፣ ጥር 1 ቀን 1781 ለመንገደኛ ተከፈተ። 30.6 ሜትር በአንድ ቅስት ይሻገራል። ወደ 1,700 የሚጠጉ ቁራጮች አሉት፣ ትልቁ 5.5 ቶን ይመዝናል፣ ጠቅላላው ደግሞ 378 ቶን ነው። የሠሩት ሰዎች ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር የገጠመ ሰው ስላልነበረ ብረቱን እንደ አናጢ ነው ያያያዙት፤ አንዱን ቁራጭ በሌላው ቀዳዳ እየሰኩ፣ በሽብልቅ እያጠበቁ።

ድልድዩ ብዙ ሳይቆይ መሰንጠቅ ጀመረ። ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም። ሁለቱ የወንዙ ዳርቻዎች ቀስ በቀስ እየተንሸራተቱ ወደ መሃል ይመጡ ስለነበር ቅስቱን ከሁለት ጎን ይጨምቁት ነበር። ደሴ ላይ መሬት ሲንሸራተት ግድግዳ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ለረጅም ዘመን ብረቱን በማሰሪያ ሲያስሩት፣ የዳር ቅስቶቹን ሲቀይሩት ኖሩ። ሁነኛው መፍትሔ የመጣው በ1970ዎቹ ነው፤ ከድልድዩ ሥር፣ በወንዙ ወለል ላይ፣ ሁለቱን ዳርቻዎች ገፍቶ የሚይዝ የአርማታ ድጋፍ ተሠራ። ብረቱን ያዳነው ብረቱ ላይ የተሠራ ሥራ አልነበረም ማለት ነው። እስከ ዛሬ የድሮ ስንጥቃቸውን ይዘው የቆሙ ቁራጮች አሉት።

ስለዚህ መሠረቱን እዩ። ጎርፍ ከሥር እየቦረቦረው ነው? ክረምት ቦርከና ሲሞላ ይዞት የሚመጣውን እንጨትና ድንጋይ የምናውቅ ሰዎች ነን። የላዩ ውሃ መውረጃ ተደፍኖ ውሃው በብረቱ መገጣጠሚያ ይገባል? መኪና ገጭቶታል? ወይስ ለጋሪ የተሠራው ላይ የጭነት መኪና ይሄድበታል? ለእያንዳንዱ መልሱ ይለያያል።

ምንም አለመንካት፣ ግን መከታተል

ይሄ ስንፍና የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን እንደ እውነተኛ አማራጭ ነው የማየው። ስንጥቁ የቆየ ከሆነና በሚጨመቅ አካል ላይ ከሆነ ለብዙ ዓመት ባለበት ሊቆይ ይችላል። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ ምልክት አድርጉበት፣ ቀን ጻፉበት። በስንጥቁ ላይ ቀጭን መስታወት ለጥፉ፤ ስንጥቁ ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። ጠዋትና ከሰዓት ለኩ፣ ብረት በሙቀት ስለሚለጠጥ ስንጥቁ በቀን ውስጥ እንኳ ይተነፍሳል። ለውጥ ካለ በክረምትና በበጋ መካከል ይታያል፣ ስለዚህ ቢያንስ ዓመት ያስፈልጋል።

አብሮት የሚሄደው ጭነት መቀነስ ነው። አይረን ብሪጅ ከ1934 ጀምሮ ለተሽከርካሪ ዝግ ነው፣ እግረኛ ብቻ ያልፍበታል። ምንም ገንዘብ ከሌላችሁ ከዚህ የተሻለ ጥገና የለም፤ መግቢያው ላይ ሁለት ጠንካራ ምሰሶ መትከል ነው።

ስንጥቁ በሚሳብ አካል ላይ ከሆነ ግን መከታተል የሚባል ነገር የለም። ዝጉት፣ ከሥር ደግፉት፣ ከዚያ አስቡ። በ1847 እንግሊዝ ቼስተር ከተማ በዲ ወንዝ ላይ የነበረ የባቡር ድልድይ ባቡር እያለፈበት ካስት አይረን አግዳሚው ተሰብሮ አምስት ሰው ሞቷል። አግዳሚ ሲጫን የታችኛው ጎኑ ይሳባል፣ ካስት ደግሞ መሳብ አይወድም።

ያለ እሳት መስፋት

ለታሪካዊ ድልድይ የእኔ ቀዳሚ ምርጫ ይሄ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ስንጥቁን አቋርጠው የተደረደሩ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፣ ቀዳዳዎቹ ተያይዘው የቁልፍ ዓይነት ጎድጓዳ ቅርጽ ይሠራሉ። እዚያ ውስጥ ለዚሁ የተዘጋጀ፣ የሚለመጥ የኒኬል ቅይጥ ቁልፍ በመዶሻ ተመትቶ ይገባል። ይሄ ሁለቱን ጎን አንድ ላይ ይይዛል። ከዚያ በስንጥቁ ርዝመት ላይ አንዱ የሌላውን ጠርዝ እየበላ ብሎኖች ይታሰራሉ፣ ጭንቅላታቸው ይቆረጣል፣ ይሞረዳል፣ ቀለም ይቀባል። ሥራው በደንብ ከተሠራ ቦታውን ማግኘት ያስቸግራል።

ዘዴው የተስፋፋው በ1930ዎቹ በአሜሪካ የነዳጅ መስኮች ነው፣ ምክንያቱም ጋዝ ባለበት ቦታ መበየድ አይቻልም ነበር። ለድልድይ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው፤ ሙቀት የለም። ሙቀት ከሌለ መጣመም የለም፣ ከሙቀት የሚመጣ አዲስ ስንጥቅም የለም። ድልድዩንም መፍታት አያስፈልግም።

ድክመቱስ? ብረቱ ስስ ከሆነ ቁልፉ የሚይዘው ነገር ያጣል። ጥንካሬውን ሙሉ በሙሉ አይመልስም፣ ስለዚህ ዋናውን ጭነት ለሚሸከም አካል መሃንዲስ ሳያሰላው አይደረግም። ባለሙያውም ከባድ ነው። ድሪል መያዝ የሚችል ሁሉ ይሠራዋል ማለት አይደለም፤ የቀዳዳዎቹ ርቀትና ጥልቀት ከተዛባ እናንተው አዲስ ስንጥቅ ትከፍታላችሁ። ቁልፎቹንና መሣሪያውን ከውጭ ማስመጣት ሊጠይቅ ይችላል። እሱን ጨምሮም ቢሆን ከተበላሸ ብየዳ ይረክሳል።

ብየዳ

በያጆቻችን ጎበዞች ናቸው፣ ከማንም አያንሱም። ችግሩ የእጅ አይደለም፣ የብረቱ ጠባይ ነው። ካስት አይረን በአንድ ቦታ ብቻ ሲግልና ቶሎ ሲቀዘቅዝ ብየዳው ዳር ያለው ብረት እንደ መስታወት ደረቅና ተሰባሪ ይሆናል። በብየዳው ቀን ያምራል። ሲቀዘቅዝ ግን ከብየዳው ጎን ቀጭን መስመር ትታያለች፤ አንዳንዴ ድምፁ ይሰማል።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ አካሉን በሙሉ ወደ 600 ዲግሪ ገደማ አግሎ፣ በካስት ዘንግ በጋዝ በይዶ፣ በጣም ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ነው። ሌላው በኒኬል ኤሌክትሮድ ትንሽ ትንሽ እየበየዱ፣ በየመሃሉ ቀለል አድርገው በመዶሻ እየመቱ፣ እንዲግል ሳይፈቅዱ መሄድ ነው።

ቆሞ ባለ ድልድይ ላይ የመጀመሪያውን አስቡት። አንድ ሜትር ካስት አይረን 600 ዲግሪ ሲግል ከ6 ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል። ግራና ቀኙ በሌሎች ቁራጮች ተቀስፎ ስለተያዘ መርዘሚያ ቦታ የለውም። ወይ ራሱ ይጎዳል ወይ ጎረቤቱን ይሰብራል። ሁለተኛው ዘዴ ይሻላል፣ ግን ለአጥር ጌጥና ለትንሽ ቁራጭ እንጂ ጭነት ለሚሸከም ቅስት አልመክረውም። ትልቁ ቅሬታዬ ደግሞ ይሄ ነው፤ ብየዳ አይመለስም። በብሎን የታሰረ ይፈታል፣ የተበየደ ግን ነገ የተሻለ ዘዴ ቢመጣ እንኳ ወደ ነበረበት አይመለስም።

በፕሌት ማሰር

ስቲል ፕሌት ወይም ማሰሪያ በብሎን ማሰር የድሮ ዘዴ ነው፣ አሁንም ይሠራል። እዚሁ ኮምቦልቻ ውስጥ መቁረጥና መብሳት የሚቻል ሥራ ነው። ይፈታል፣ ይስተካከላል፣ ርካሽም ነው። መልኩ ግን ይታያል። እኔ በመታየቱ ቅር አይለኝም፤ ጥገና ጥገና መሆኑ ቢታወቅ ነውር የለውም።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። በድሮው ብረት ላይ አዲስ ቀዳዳ ባትበሱ ይመረጣል፤ ከተቻለ ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝ ማሰሪያ አሠሩ። በፕሌቱና በብረቱ መካከል ደግሞ ውሃ የሚገባበት ክፍተት አትተዉ። ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል፣ እያበጠ ፕሌቱን ይገፈትረዋል፣ ካስቱንም ይሰነጥቀዋል። ማሸጊያ አድርጉበት።

ቁራጩን አዲስ ማስፈሰስ

ጨርሶ የጠፋ ወይም የደቀቀ አካል ከሆነ ሌላ መንገድ የለም። እዚህ ላይ ወርክሾፖች ቶሎ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የድሮውን ቁራጭ ራሱን ሞዴል አድርገው አሸዋ ላይ ያትሙታል። የፈሰሰ ብረት ሲቀዘቅዝ ግን 1 ፐርሰንት ያህል ያጥራል፤ የ3 ሜትር አግዳሚ 3 ሳንቲሜትር አጥሮ ይወጣል ማለት ነው። ሞዴሉ ከእንጨት፣ በዚያው ልክ ተልቆ መሠራት አለበት።

ብረቱንም ምረጡ። ግራጫው ካስት የድሮውን ይመስላል፣ የድሮውን ድክመትም ይዞ ይመጣል። ከ1940ዎቹ ወዲህ ካርቦኑ በቅጠል ፋንታ ድቡልቡል ሆኖ የሚቀመጥበት ዳክታይል አይረን አለ። መልኩ ያው ነው፣ ግን መሳብን ይችላል፣ ከመሰበሩ በፊትም ይለመጣል። ጭነት ለሚሸከም ምትክ እሱን እመርጣለሁ።

ከዚያ ፈተናው። በ1879 ስኮትላንድ ውስጥ በታይ ወንዝ ላይ የነበረው ረጅም የባቡር ድልድይ በማዕበል ሌሊት ከነባቡሩ ወንዝ ገባ። በምርመራው ከታዩት ነገሮች አንዱ የካስት ምሰሶዎቹ ሲፈሱ የተፈጠሩ ባዶ ቀዳዳዎች በሰም፣ በጥላሸትና በብረት ብናኝ ሊጥ ተደፍነው ቀለም ተቀብተው እንደነበር ነው። ላዩ አምሮ የመጣ ቁራጭ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። በአልትራሳውንድ ሳይፈተሽ አትቀበሉ። አዲሱ ቁራጭ ላይ የተሠራበትን ዓመት አስፈስሱበት፤ ወደፊት የሚመጣው መሃንዲስ ከድሮው እንዲለየው።

ሙሉውን አፍርሶ መሥራት ወይስ አጠገቡ ሌላ?

ፓሪስ የሚገኘው ፖን ዴዛር በ1804 የተጠናቀቀ የካስት አይረን የእግረኛ ድልድይ ነበር። ጀልባዎች እየገጩት ተዳከመ፣ በ1977 ተዘጋ፣ በ1979 ጀልባ ገጭቶት ከፊሉ ወደቀ። ከ1981 እስከ 1984 በስቲል እንደገና ተሠራ፤ ዘጠኝ የነበሩት ቅስቶችም ሰባት ሆኑ። ውብ ድልድይ ነው፣ ሰውም ይወደዋል። ግን የድሮው አይደለም። ይህንን አማራጭ የሚመርጥ ሰው መልክ እንጂ ታሪክ እንዳላተረፈ ማወቅ አለበት።

ከዚህ ይልቅ ልቤ የሚሄደው ወደ ስኮትላንዱ የክሬጌላኪ ድልድይ ነው። መሃንዲሱ ቶማስ ቴልፎርድ በ1814 ያቆመው፣ 46 ሜትር ገደማ የሚሻገር የካስት ቅስት ነው። በ1960ዎቹ ሲጠገን ዋና ቅስቶቹ ቀሩ፣ በቅስቱና በመንገዱ መካከል ያሉት ቀጫጭን አካላትና የዳር መደገፊያዎቹ ግን ድሮውን መስለው በአዲስ ብረት ተተኩ። በኋላ አጠገቡ የአርማታ ድልድይ ተሠርቶ መኪናው ወደዚያ ሄደ፣ አሮጌው ለእግረኛ ቀረ። ወጪው ሁለት ድልድይ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን አሮጌውን ለከባድ መኪና ለማጠናከር የሚወጣውን ስታሰሉ ልዩነቱ እንደሚመስለው ሰፊ ላይሆን ይችላል፤ አሮጌውም ከማይችለው ጭነት ያርፋል።

ማጽዳትና ቀለም

ምንም ዓይነት ጥገና ብትመርጡ ይሄ አይቀርም። በ2017 እና 2018 አይረን ብሪጅ 3.6 ሚሊዮን ፓውንድ በፈጀ ሥራ ተጸድቶ፣ ተጠግኖ፣ ከድሮ ቀለሙ ቅሪት በተገኘው ጥቁር ቀይ ቀለም ተቀብቷል።

አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ በእሳት ማቃጠልና በደረቁ በግራይንደር መፋቅ የሠራተኛውን ደም ይመርዛል። በእርጥቡ ፍቁ፣ ፍርፋሪውን ሰብስቡ። ሳንድ ብላስት ለካስት ይሆናል፣ ግን በወንዝ አሸዋ አታድርጉት። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ መሐረብ ማሰርም አያድንም። ለዚሁ የተዘጋጀ ማጽጃና ትክክለኛ መተንፈሻ ማስክ ያስፈልጋል።

ጊዜውን ደግሞ እንደየአገሩ ምረጡ። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፣ ደሴ ደጋና ጉም የሚወርድበት ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ ሌላ ይሆናል። ደሴ ላይ ጠዋት ብረት በጤዛ ይርሳል፣ ለዓይን ደረቅ ቢመስልም። የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚይዝበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ ካልበለጠ ቀለም አትቀቡ። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ፀሐይ ብረቱን ካደረቀችው በኋላ መሥራት ነው። በጸዳው ዕለት አንቲረስቱ ይቀባ፤ ለማግስቱ ካደረ ዝገት ይጀምራል።

የወፍጮ አካል ይዞ ለመጣ ሰው

እዚህ መልሱ ይገለበጣል። የወፍጮ አካል ይፈታል፣ እሳት ላይ ሙሉውን ማጋል ይቻላል፣ ግራና ቀኝ የሚያስጨንቀው ጎረቤት የለውም። ስለዚህ ለድልድይ ያልመከርኩት የጋለ ብየዳ ለእሱ ጥሩ ነው። አብሽሩ፣ ግን አትቸኩሉ። ስንጥቁ ጫፍና ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ፣ እንዳይሮጥ። ስንጥቁን በማዕዘን ክፈቱት፣ ዘይቱንና ዱቄቱን አጽዱ። በዝግታ አግሉት፣ በይዱት፣ ከዚያ ወዲያው አመድ ወይም ደረቅ ኖራ ውስጥ ቅበሩትና እስከ ማግስቱ አትክፈቱት። ባለቤቱ እህል አስጭኖ ቆሞ ቢያጣድፋችሁም ውሃ እንዳታፈሱበት።